ስለ ተያዘ መልሕቅ

፩. መልሕቅ ምንድር ነው

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ እጅግ ቀላል ነው። ባለቤቱ መንገዱን በፈጸመ ጊዜ ከውኃው ጐትቶ ያወጣዋል፤ በዳርም አቁሞ በፀሐይ ያደርቀዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ታንኳ ሌሊቱን በውኃ ላይ ማደር አያስፈልገውም። በትልቅ ባሕር ላይ የሚሄድ፥ ከሳንቃ ወይም ከብረት የተሠራ ጀልባ ግን ከባድ ነው፤ ሰው በፈለገው ጊዜ ሁሉ ወደ የብስ ሊያወጣው አይችልም። ዓሣ አጥማጅም በባሕር መካከል መንጠቆውን በሚጥልበት ጊዜ ጀልባው በአንድ ስፍራ እንዲቆምለት ይፈልጋል። ነገር ግን ነፋስና የውኃ ፍሰት ጀልባውን ከስፍራው ይገፉታል። ፈረስ በመስክ ላይ በካስማ እንደሚታሰር፥ ጀልባም ከባሕሩ ወለል ጋራ የሚያስረው ነገር ያስፈልገዋል። ይህም ነገር መልሕቅ ይባላል።

የመልሕቅ ቅርጽ ብዙ ዓይነት ነው። ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ግን እንዲህ ያለ ነው። በመካከሉ ረጅም የብረት ዘንግ አለ። በዘንጉ ራስ ላይ ገመድ ወይም ሰንሰለት የሚታሰርበት ቀለበት አለ። ከዘንጉ ግርጌ ሁለት ክንዶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተቈልምመው ይወጣሉ፤ በክንዶቹም ጫፍ እንደ ማረሻ የሾሉ ጥፍሮች አሉ። ክንዶቹና ዘንጉ የሚገናኙበት ስፍራ የመልሕቁ ተረከዝ ነው። አንባቢ ይህን ተረከዝ በልቡ ይያዘው፤ የኋላው ነገር ሁሉ በርሱ ይፈታልና።

ብዙ ሰዎች መልሕቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጀልባው ከመልሕቁ ብዙ ጊዜ ይከብዳልና፥ በክብደት ብቻ ቢሆን ጀልባው መልሕቁን እየጐተተው በሄደ ነበር። መልሕቅ የሚይዘው መሬትን በመንከስ ነው። መርከበኛው መልሕቁን ወደ ታች ካወረደ በኋላ ገመዱን በረጅሙ ይለቅለታል። የውኃው ጥልቀት 5 ሜትር ቢሆን የጥልቀቱን 7 እጥፍ፥ ማለት 35 ሜትር ያህል ገመድ ይለቃል። ገመዱ ረጅም በሆነ ጊዜ መልሕቁን የሚስበው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጐን ነው። በሬዎች ወደ ፊት ሲስቡት ማረሻው ወደ መሬት ጠልቆ እንደሚገባ፥ የመልሕቁም ጥፍር በአሸዋው ወይም በጭቃው ውስጥ እየጠለቀ ይገባል። ነፋሱ በበረታ መጠን ጥፍሩም ይልቁን ይጠልቃል።

መርከበኛው ሊሄድ በወደደ ጊዜ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። ገመዱን እየሰበሰበ ጀልባውን ቀስ በቀስ ወደ መልሕቁ ያቀርባል። ጀልባው ከመልሕቁ በላይ በቆመ ጊዜ ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ወደ ላይ ሲስበው ዘንጉ ይነሣል፤ ጥፍሩም ከአሸዋው ውስጥ ይነቀላል። በመልካም መሬት ላይ የተጣለ መልሕቅ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ያለ ድካም ይወጣል።

፪. መልሕቅ ለምን ይያዛል

የባሕር ወለል ሁሉ አሸዋ አይደለም። በአንዳንድ ስፍራ ዓለት አለ፤ በዓለቱም ውስጥ ስንጥቅ አለ። በሞቃት ባሕሮች ውስጥ ኮራል የሚባል፥ ጥቃቅን ፍጥረቶች የሚሠሩት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር አለ። በሌላ ስፍራ ደግሞ ጐርፍ ያመጣው ዛፍ ሰጥሞ ይተኛል፤ ወይም የተሰበረ መርከብ ወይም አሮጌ ሰንሰለት ይገኛል። የመልሕቁ ጥፍር ከነዚህ በአንዱ ሥር ከገባ፥ በር እንደ ተቀረቀረበት ሆኖ ይቀራል። ወደ ላይ በሳቡት ጊዜ ጥፍሩ ከድንጋዩ ሥር ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይወጣም።

ጭቃም እንዲሁ ይይዛል፤ ነገር ግን አያያዙ ሌላ ነው። በለስላሳ ጭቃ ውስጥ ጠልቆ የገባ መልሕቅ በጭቃው ይመጠጣል። እግሩ በረግረግ የገባበት ሰው እግሩን በድንገት ለመንቀል ቢሞክር ጭቃው መልሶ ይስበዋል። በሥሩ አየርና ውኃ እስኪገባ ድረስ በዝግታ ቢያነሣው ግን ይለቀዋል። መልሕቅም በጭቃ በተያዘ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ መርከበኛ መልሕቁ እምቢ ባለው ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ መልሕቁን የያዘው ምንድር ነው? ወዴትስ አቅጣጫ ገብቶ ተያዘ? ይህን ያላወቀ ሰው ምንም ብርቱ ቢሆን በከንቱ ይደክማል።

፫. ችኩል ሰው የሚያደርገው

መልሕቁ በተያዘ ጊዜ ችኩል ሰው ይቈጣል። መጀመሪያ በክንዱ ኃይል ይስባል። ገመዱን በእጁ ላይ ይጠመጥማል፤ ይህም እጅግ ክፉ ነገር ነው፤ ማዕበል ጀልባውን በድንገት ቢያነሣው ገመዱ ጣቶቹን ሊቈርጥ ይችላልና። ቀጥሎም ገመዱን በጀልባው ላይ አጥብቆ አስሮ በሞተር ኃይል ይጐትታል። በብርቱ የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል፤ በፊቱ የቆመውንም ሰው ያቈስላል።

ከዚህም ሁሉ የሚከፋው ገመዱን በጀልባው ኋላ ማሰር ነው። የጀልባ ፊት ከፍ ያለና የሾለ ነው፤ ማዕበልን እየከፈለ እንዲሄድ ተሠርቷልና። የጀልባ ኋላ ግን ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ነው፤ ከባዱም ሞተር የሚቀመጠው በዚያ ነው። ገመዱ በኋላ ታስሮ ሳለ ሞተሩ ጀልባውን ወደ ፊት ሲገፋ፥ የተያዘው መልሕቅ የጀልባውን ኋላ ወደ ታች ይስባል። ኋላው ዝቅ ሲል ውኃ ይገባበታል፤ ውኃው ሲገባ ይከብዳል፤ ሲከብድም ይበልጥ ዝቅ ይላል። እንዲህ ሆኖ ጀልባው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይገለበጣል።

ይህ ነገር በእውነት ደርሷል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2009 ዓመት ፌብርዋሪ 28 ቀን አራት ወዳጆች በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ጠረፍ፥ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ለማጥመድ ወጡ። ጀልባቸው 6 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ነበራት። ሰዎቹ ወጣቶችና እጅግ ብርቱዎች ነበሩ፤ ከነርሱም ሁለቱ በአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሙያቸው በአገራቸው የታወቁ ነበሩ። ወደ ማታ የአየሩ ጠባይ እየከፋ ስለ ሄደ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ፈለጉ፤ መልሕቁ ግን ተይዞ አልወጣ አላቸው። ገመዱን በጀልባይቱ ኋላ አስረው በሞተሩ ኃይል ሊነቅሉት ሞከሩ። የጀልባይቱም ኋላ ወደ ውኃው ገባ፤ ጀልባይቱም ተገለበጠች።

አራቱም ሰዎች በቀዝቃዛ ውኃና በማዕበል መካከል ሆነው የተገለበጠችውን ጀልባ ያዙ። የጠረፍ ጠባቂዎች በማርች 2 ቀን ባገኙአቸው ጊዜ ግን በጀልባይቱ ላይ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሦስቱ ሞቱ፤ ሬሳቸውም አልተገኘም። ነገሩን የመረመሩት ሹማምት የጥፋቱ መጀመሪያ መልሕቁን በጀልባይቱ ኋላ አስሮ በሞተር መሳብ እንደ ነበረ አስታወቁ። እነዚህ ሰዎች የጐደላቸው ጕልበት አልነበረም። በአንድ ብረት ምክንያት ሦስት ነፍስ ጠፋ።

፬. ብልህ ሰው የሚያደርገው

ብልህ መርከበኛ መልሕቁ በተያዘ ጊዜ አስቀድሞ እጁን ያሳርፋል። ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፥ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ፥ መልሕቁንም በጣለ ጊዜ ጀልባው በየት በኩል ቆሞ እንደ ነበረ ያስባል። በጀልባው ውስጥ ያሉት ሁሉ በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ልብስ እንዲለብሱ ያዝዛል። የተሳለ ቢላዋም በአጠገቡ ያኖራል። ከዚህ በኋላ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ አንድ በአንድ ይሞክራል።

የመጀመሪያው ብልኀት በማዕበሉ መጠቀም ነው። ማዕበሉ ትንሽ በሆነ ጊዜ መርከበኛው ገመዱ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ይሰበስበዋል፤ በጀልባው ፊት ባለው ማሰሪያም ላይ ይጠመጥመዋል። ማዕበል ሲመጣ የጀልባውን ፊት ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ ሰው ሊስበው የማይችለውን ባሕሩ ራሱ ይስበዋል። ማዕበሉ ሲያልፍ ገመዱ ይላላል፤ መርከበኛው የላላውን ይሰበስብና እንደ ገና ይጠብቃል። ነገር ግን የጀልባው ፊት ወደ ታች መሳብ ከጀመረ ገመዱን ፈጥኖ መልቀቅ ይገባዋል። ስለዚህ ገመዱ በቶሎ እንዲፈታ ሆኖ መጠምጠም አለበት እንጂ በማይፈታ ቋጠሮ ሊታሰር አይገባም።

ሁለተኛው ብልኀት ውኃው ጸጥ ባለ ጊዜ የሚደረግ ነው። በጀልባው ውስጥ ያሉት ሰዎች ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ፊቱም በክብደታቸው ጥቂት ዝቅ ይላል። በዚያን ጊዜ ገመዱን አጥብቀው በማሰሪያው ላይ ይጠመጥሙታል። ከዚህ በኋላ አንድ በአንድ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ፊቱ ቀለል ሲለው ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣም መልሕቁን ይስባል። ለጭቃ ይህ መልካም ነው፤ ጭቃ በአንድ ጊዜ አይለቅምና። ገመዱን ወጥረው ጥቂት ቢታገሡ መልሕቁ ትንሽ በትንሽ ይነሣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ምሳሌ በዚህ ስፍራ እውነት ይሆናል።

ሦስተኛው ብልኀት ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ለዓለትና ለኮራልም የሚረዳው ይህ ነው። መልሕቁ በድንጋይ ሥር የገባው በአንድ አቅጣጫ ስለ ተሳበ ነው። እንግዲያስ የሚወጣው በገባበት መንገድ ወደ ኋላው ሲመለስ ነው። ገበሬ ማረሻው ከዛፍ ሥር በታች በተያዘ ጊዜ በሬዎቹን በጅራፍ አይመታም፤ ቢመታቸው ሞፈሩ ወይም ድግሩ ይሰበራል። በሬዎቹን ያቆማል፤ ማረሻውንም ወደ ኋላ ስቦ ከሥሩ በታች ያወጣዋል። መርከበኛም እንዲሁ ያደርጋል። ገመዱን በረጅሙ ይለቃል፤ ጀልባውንም በመልሕቁ ላይ አሳልፎ መጀመሪያ ቆሞ ወደ ነበረበት ተቃራኒ ወገን ይሄዳል። ገመዱ ከጀልባው ፊት እንዳይላቀቅ፥ በሞተሩም ዙሪያ እንዳይጠመጠም ይጠነቀቃል። ከዚያ በኋላ ከሩቅ ሆኖ በቀስታ ይስባል። ጥፍሩ በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል።

የገባበትን አቅጣጫ በትክክል የማያውቅ እንደ ሆነ፥ ገመዱን በመጠኑ ወጥሮ በመልሕቁ ዙሪያ ሰፊ ክብ እየሠራ ይዞራል። ቍልፍ የያዘ ሰው በጨለማ የበሩን ቀዳዳ እየዳሰሰ እንደሚፈልግ፥ ጀልባውም እየዞረ የመውጫውን መንገድ ይፈልጋል። ከዙሪያው ሁሉ በአንዱ ወገን መልሕቁ መላወስ ይጀምራል።

አራተኛው ብልኀት ሁለት ጀልባ ይፈልጋል። ሰፊ የብረት ቀለበት፥ ወይም ክብ ሆኖ የተገጠመ አጭር ሰንሰለት በመልሕቁ ገመድ ዙሪያ ያገባሉ፤ በቀለበቱም ላይ ሌላ ብርቱ ገመድ ያስራሉ። የመልሕቁን ገመድ ቀጥ አድርገው በወጠሩት ጊዜ ቀለበቱ በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ የመልሕቁን ራስ አልፎ በዘንጉ ላይ ወደ ተረከዙ ይጠጋል። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን ገመድ ያላሉታል፤ ሁለተኛይቱም ጀልባ አዲሱን ገመድ ይዛ በተቃራኒው ወገን ትስባለች። በራሱ በኩል ሲሳብ እምቢ ያለው መልሕቅ በተረከዙ በኩል ሲሳብ ይወጣል።

በውኃ ውስጥ መጥለቅ የሚያውቅና ለዚሁ ሥራ የተማረ ሰው በተገኘ ጊዜ ወርዶ መልሕቁን በእጁ ሊያላቅቀው ይችላል። ነገር ግን ያልተማረ ሰው ይህን ሊሞክር አይገባውም። የተወጠረ ገመድና ከባድ ብረት ባለበት ስፍራ በውኃ ውስጥ መሥራት ለብዙ ሰው ሞት ነውና።

፭. አስቀድሞ ስለ መዘጋጀት

ከዚህ ሁሉ ድካም የሚሻል ነገር አለ፤ ይኸውም መልሕቁን ከመጣል በፊት መዘጋጀት ነው። ዓለት ባለበት ስፍራ የሚያድር መርከበኛ በመልሕቁ ተረከዝ ላይ ሁለተኛ ቀጭን፥ ነገር ግን ብርቱ ገመድ ያስራል። የዚህ ገመድ ርዝመት ከውኃው ጥልቀት ጥቂት ይበልጣል። በላይኛው ጫፍ እንደ ቡሽ ወይም አፉ እንደ ተደፈነ ቅል ያለ የሚንሳፈፍ ነገር ይታሰራል። መልሕቁ ከታች ሆኖ ሲሠራ፥ ይህ ተንሳፋፊ ከላይ ሆኖ ስፍራውን ያመለክታል። መልሕቁ ቢያዝ መርከበኛው ወደ ተንሳፋፊው ሄዶ ሁለተኛውን ገመድ ይይዛል፤ መልሕቁንም በተረከዙ በኩል ይስበዋል። ጥፍሩ ወደ ኋላው ስለሚሳብ በቀላሉ ይለቃል።

ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ሌላ ብልኀት ያውቃሉ። ሰንሰለቱን በመልሕቁ ራስ ላይ ባለው ቀለበት አያስሩትም፤ በተረከዙ ላይ ያስሩታል። ከዚያም ሰንሰለቱን በዘንጉ ላይ አስኪደው በቀለበቱ ዘንድ በቀጭን ሲባጎ ብቻ ያያይዙታል። መልሕቁ በደኅና ጊዜ ሲባጎው ስለ ያዘ እንደ ወትሮው በራሱ በኩል ይሳባል። በዓለት በተያዘና ወደ ላይ በብርቱ በተሳበ ጊዜ ግን ሲባጎው ይበጠሳል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ተረከዙን ይስባል፤ መልሕቁም ተገልብጦ ይወጣል። እንዲህ ባለው መልሕቅ ላይ ግን ተማምኖ መተኛት አይገባም። ሌሊት ነፋስ ቢበረታ ሲባጎው ያለ ጊዜው ሊበጠስ ይችላልና።

በዓለትና በኮራል ላይ የሚያጠምዱ ሰዎች ጣቶቹ ከሚታጠፍ ብረት የተሠሩ ልዩ መልሕቅም አላቸው። ይህ መልሕቅ በድንጋይ ሲያዝና በብርቱ ሲሳብ ጣቶቹ ይቃናሉ፤ ተቃንተውም ይወጣሉ። ዓሣ አጥማጁ ወደ ጀልባው ካወጣው በኋላ ጣቶቹን በእጁ እንደ ገና ያጥፋቸዋል። የማይበገረው ብረት በባሕር ሲቀር፥ የሚታጠፈው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ዛሬ በብዙ አገሮች ኮራል በበዛበት ስፍራ መልሕቅ መጣል ተከልክሏል። ኮራል ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ እድገቱም እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ፥ መልሕቅ በአንድ ሰዓት የሰበረውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት ከባሕሩ ወለል ጋራ ለዘወትር የታሰሩ ተንሳፋፊዎች ይቀመጣሉ፤ ጀልባዎችም መልሕቅ በመጣል ፈንታ በነርሱ ይታሰራሉ።

፮. ገመዱን ስለ መቍረጥ

ይህ ሁሉ ተደርጎ መልሕቁ ያልወጣ እንደ ሆነ፥ ወይም ማዕበል የመጣ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? በዚያን ጊዜ መርከበኛው ቢላዋውን አንሥቶ ገመዱን ይቈርጣል። ጊዜ ካገኘ በገመዱ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ነገር ያስርበታል፤ ባሕሩ ጸጥ ሲል ተመልሶ ይፈልገዋልና። ጊዜ ካላገኘ ግን ትቶት ይሄዳል። ይህ ነውር አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ታላላቅ መርከበኞች አድርገውታል።

በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ በ27ኛው ምዕራፍ የጳውሎስ መርከብ ታሪክ ተጽፏል። መርከቢቱ ብዙ ቀን በዐውሎ ነፋስ ከተገፋች በኋላ፥ መርከበኞቹ በሌሊት ወደ የብስ እንደ ቀረቡ ዐወቁ። ከዓለት ጋራ እንዳይጋጩ ፈርተው ከመርከቢቱ በስተ ኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ፤ እስኪነጋም ድረስ ቆዩ። ከነጋ በኋላ መርከቢቱን ወደ ዳር ሊነዱ ወደዱ፤ የመልሕቆቹንም ገመድ ፈትተው አራቱን በባሕር ውስጥ ተዉአቸው። ኋላ መርከቢቱ ተሰበረች፤ በውስጧ የነበሩት 276 ሰዎች ግን ሁሉም በደኅና ወደ የብስ ደረሱ። እነዚያ መልሕቆች ሌሊቱን ሁሉ ሰዎቹን ጠበቁ፤ በነጋ ጊዜ ግን ሥራቸው ተፈጽሞ ነበር።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1770 ዓመት ደግሞ ጄምስ ኩክ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ይጓዝ ነበር። በጁን 11 ቀን በሌሊት ኢንዴቨር የተባለችው መርከቡ በኮራል ዓለት ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሰዎቹ መርከቢቱን ለማቅለል ስድስት መድፎችና ብዙ ሌላ ዕቃ ወደ ባሕር ጣሉ። መልሕቆችንም በታንኳ ወደ ጥልቁ ውኃ ወስደው ጣሉ፤ በነርሱም ገመድ እየሳቡ በማግሥቱ ሌሊት መርከቢቱን ከዓለቱ አወረዱ። ነገር ግን መርከቢቱ ተቀድዳ ውኃ ይገባባት ነበር፤ ከመልሕቆቹም አንዱን ለማውጣት አልተቻለም። ስለዚህ ኩክ ገመዱን አስቈርጦ መልሕቁን ትቶ ሄደ። ወደ አንድ ወንዝ አፍም ደርሶ መርከቡን አደሰ፤ ወደ አገሩም ተመለሰ። ያ መልሕቅ ከ200 ዓመት በኋላ በ1971 ዓመት ከኮራሉ መካከል ተገኘ፤ ዛሬም በዚያው ጠረፍ በኩክታውን ከተማ ሙዚየም ይታያል። ኩክ መልሕቁን አልተውም ብሎ ቢዘገይ ኖሮ፥ ከመልሕቁ ጋራ መርከቡም በዚያ በቀረች ነበር።

፯. ከዚህ የሚገኝ ትምህርት

ማንም ሰው በኑሮው ውስጥ የሚያዝ መልሕቅ ያጋጥመዋል። ልጅ የሂሳብ ጥያቄ ሲከብደው ያን አንድ መንገድ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሳይሆንለት ሲቀር ተቈጥቶ ሰሌዳውን ይጥላል። ባልንጀራውን ያሳዘነ ልጅ ደግሞ እውነቱ የኔ ነው እያለ ይጮኻል፤ በጮኸ መጠንም የባልንጀራው ልብ ይጠነክራል። ሁለቱም መልሕቁን በያዘው ድንጋይ ላይ የበለጠ እንደሚያጠብቅ መርከበኛ ናቸው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እንደ ተባለ፥ ቍጣ ሥራን ያበዛል እንጂ አይፈጽምም።

ብልህ ልጅ ግን እጁን አሳርፎ ያስባል። ጥያቄውን ከሌላ ወገን ይመለከተዋል። ጠቡ በምን ቃል እንደ ተጀመረ አስታውሶ፥ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቅርታ ይለምናል። ማዕበሉ እንደሚያነሣው ጀልባ፥ ጊዜ ራሱ የሚፈታውንም ነገር በትዕግሥት ይጠብቃል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ነገሩ ከመያዙ በፊት ይዘጋጃል።

በመጨረሻም ብልህ ሰው የነገርን ዋጋ ለይቶ ያውቃል። መልሕቅ ጥሩ ነገር ነው፤ ሰው ግን ከመልሕቅ ይበልጣል። ብረት በገንዘብ ይገዛል፤ ነፍስ ግን አትገዛም። ስለዚህ መልካም መርከበኛ ሁለት ነገር ከአጠገቡ አይለይም፤ አንዱ መልሕቁን የሚያወጣበት ትዕግሥት ነው፤ ሁለተኛውም መልሕቁን የሚተውበት ቢላዋ ነው።